የዕድገት ልዩነት ያለበትን ልጅ በቤትና በቤተ ክርስቲያን ስለማሳደግ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አንድ ሕፃን ሦስት ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ ካልዞረ፣ ቃል ካላወጣ፣ ቀኑን ሙሉ እጁን ሲያርገበግብ ወይም ሰውነቱን ሲያወዛውዝ ከዋለ፣ በብዙ መንደሮቻችን ከልጁ ጤና ይልቅ አስቀድሞ የሚመረመረው የወላጆቹ ሕይወት ነው። አንዱ “ምን በድለው ይሆን?” ይላል፤ ሌላው “ዓይነ ጥላ ነው”፣ “ቡዳ ነው” ይላል። እናት ይህን ስትሰማ ልጇን ከሰው ዐይን መሸሸግ ትጀምራለች። በመጨረሻም ወደ ቅዳሴ ይዛው መምጣትን ትተዋለች።

ይህ ጽሑፍ ኦቲዝምና መሰል የዕድገት ልዩነቶች ምን እንደሆኑ፣ ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ እነዚህ ልጆችና ስለ ወላጆቻቸው ምን እንደሚያስተምሩን፣ በቤትና በቤተ ክርስቲያንስ ምን ማድረግ እንደሚገባ ያስረዳል። በተለይም እንደ በየዳ ባሉ፣ ሐኪም ቤት ለመድረስ ተራራ መሻገር ግድ በሚሆንባቸው የሰሜን ተራሮች ወረዳዎች የሚኖሩ ወላጆችንና ካህናትን ታሳቢ ያደረገ ነው።

የዕድገት ልዩነት ምንድን ነው?

ሕፃናት መቀመጥን፣ መራመድን፣ መናገርንና ከሰው ጋር መግባባትን የሚለምዱት በአእምሯቸው ዕድገት ልክ ነው። ይህ ዕድገት ከተለመደው መንገድ ሲለይ የዕድገት ልዩነት ወይም የዕድገት እክል ይባላል። ከዓይነቶቹ አንዱ ኦቲዝም ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሁለት ዋና ዋና ምልክቶች ይታዩበታል። የመጀመሪያው ከሰው ጋር የመግባባት ችግር ነው፤ ዐይን ለዐይን አለመተያየት፣ ለስሙ አለመመለስ፣ የሚፈልገውን በጣት አለማመልከት፣ ንግግር መዘግየት ወይም አለመኖር በዚህ ውስጥ ይመደባሉ። ሁለተኛው አንድን እንቅስቃሴ፣ ነገር ወይም ሥርዓት መደጋገም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1943 ሊዮ ካነር የተባሉ ሐኪም በአሜሪካ የ11 ሕፃናትን ጠባይ መዝግበው ካሳተሙ በኋላ ሁኔታው በዚህ ስም ይታወቅ ጀመር። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ከ127 ሰዎች አንዱ ገደማ ኦቲዝም ነበረበት። የአንድ አገር ወይም የአንድ ዘር ጉዳይ አይደለም፤ በሀብታም ቤትም በድኃ ቤትም፣ በሚጾም ቤትም በማይጾም ቤትም ይወለዳል።

መንሥኤው አንድ ብቻ አይደለም። አብዛኛው ከተፈጥሮ ውርስ ጋር የተያያዘና ሕፃኑ ከመወለዱ በፊት የሚጀምር ነው። ክትባት ኦቲዝምን አያመጣም። የእናት ፍቅር ማነስም አያመጣውም። ይህን የመጨረሻውን ማስታወስ ይገባል፤ በምዕራቡ ዓለም ሳይቀር በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አንዳንድ ሐኪሞች ጥፋቱን “ልበ ቀዝቃዛ” ባሏቸው እናቶች ላይ ይጥሉ ነበር። በኋላ የተደረገው ምርምር ሐሳባቸው ስሕተት መሆኑን አረጋገጠ። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው እናትን መክሰስ የሚቀናው በእኛ ዘንድ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ስለ ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ

ብዙ ወላጆችን የሚያስደነግጠው ተደጋጋሚው እንቅስቃሴ ነው። እጅን ማርገብገብ፣ ወደፊትና ወደኋላ መወዛወዝ፣ በአንድ ቦታ መሽከርከር፣ በእግር ጣት መራመድ፣ ድንጋይ ወይም እንጨት በመስመር መደርደር፣ የሰሙትን ቃል ደጋግሞ ማሰማት የተለመዱ ናቸው። ይህን የሚያይ ሰው ሌላ ኃይል ልጁን የሚያንቀሳቅሰው ሊመስለው ይችላል።

ልጁ ግን ይህን የሚያደርግበት የራሱ ምክንያት አለው። ድምፅ፣ ብርሃን፣ ሽታና የልብስ ሻካራነት ከሌላው ሰው ይልቅ ሊያስጨንቁት ስለሚችሉ በእንቅስቃሴው ራሱን ያረጋጋል። ደስታውንም፣ ፍርሃቱንም፣ መሰልቸቱንም በዚያው ይገልጣል። ስለዚህ ራሱን ወይም ሌላውን እስካልጎዳ ድረስ እጁን መያዝ፣ መምታት ወይም መቆጣት አይገባም። መረጋጊያውን የተከለከለ ልጅ ጭንቀቱ ይብሳል እንጂ አይቀርም። ወላጅ ሊመረምረው የሚገባው “ይህ የሚበዛው መቼ ነው?” የሚለውን ነው። እንግዳ ሲበዛ ከሆነ ጸጥ ወዳለ ቦታ መውሰድ፣ ሲርበው ከሆነ ማብላት፣ ሥራ ሲፈታ ከሆነ እጁን የሚያሳትፍ ነገር መስጠት ይጠቅማል። ራሱን ከግድግዳ ጋር የሚያጋጭ ወይም ሰውነቱን የሚነክስ ከሆነ ግን የሕመም ምልክት ሊሆን ይችላልና ጥርሱን፣ ጆሮውንና ሆዱን በጤና ባለሙያ ማስመርመር ያስፈልጋል።

ከኦቲዝም ጋር የሚምታቱ ሁኔታዎች

ያልተናገረ ልጅ ሁሉ ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም። ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው የመስማት ችግር ነው። ስሙ ሲጠራ የማይመለሰው ስላልሰማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ጆሮው ይመርመር።

ሁለተኛው የሚጥል በሽታ ነው። ልጁ በድንገት የሚደርቅ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ወይም ለጥቂት ጊዜ ፈዝዞ ሲነካም የማይነቃ ከሆነ ሐኪም ሊያየው ይገባል። የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ከሌሎች ይልቅ በብዛት ይከሠታል፤ በመድኃኒትም ሊቆጣጠሩት ይቻላል። በሚጥለው ጊዜ ክብሪት ማሽተትም ሆነ በአፉ ውስጥ ብረት ወይም እንጨት ማስገባት ይጎዳዋል። በጎኑ አስተኝቶ፣ ከእሳትና ከድንጋይ አርቆ እስኪነቃ መጠበቅ ይገባል። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ግድ ነው።

ሦስተኛው የአዮዲን እጥረት ነው። በደጋማው የሀገራችን ክፍል እንቅርት የሚበዛው ከዚህ የተነሣ ነው። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን ካጣች የሕፃኑ አእምሮ ዕድገት ሊጎዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ በሀገራችን የወጣው ለዚህ ነው። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት አዮዲን ያለውን ጨው መግዛት፣ ከድኖ ማስቀመጥና ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር ይኖርበታል።

የኃጢአት ቅጣት ነውን?

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ በሚገኙ የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች የዕድገት እክል ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ከእነርሱ 45.1 በመቶው በልጃቸው ሁኔታ ኀፍረት እንደሚሰማቸው፣ 26.7 በመቶው ደግሞ የልጁን ሁኔታ በምሥጢር ለመያዝ እንደሚጥሩ ተናግረዋል። 40.2 በመቶው ምክንያቱ የመንፈስ ልክፍት ነው ብለው ሲያስቡ፣ 27.5 በመቶው ኃጢአት ነው ብለዋል። እኛን በቀጥታ የሚመለከተው ግን ሌላው ግኝት ነው፤ መገለልና ኀፍረት ከሌሎቹ ይልቅ በርትቶ የታየው በኦርቶዶክሳውያን ወላጆች ላይ ነበር። በዚያው ጥናት 79.4 በመቶው ጸሎት እንደሚያበረታቸው ተናግረዋል። ከተጠያቂዎቹ አብዛኛው በጸሎት ይጽናና ነበር ማለት ነው። ካህናትና ምእመናን ሆነን በዙሪያቸው የምንናገረውን ልንመረምር ይገባናል።

ጌታችን ይህን ጉዳይ በግልጥ መልሶታል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው በደሉ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ሲጠይቁት፣ እርሱም ወላጆቹም በበደላቸው ምክንያት እንዳልሆነ፣ ይልቁንም የእግዚአብሔር ሥራ በእርሱ እንዲገለጥ መሆኑን ነገራቸው (ዮሐ. 9፥1-3)። የጠየቁት ደቀ መዛሙርት ክፉዎች አልነበሩም፤ የዘመናቸውን ልማድ ተከትለው ጠየቁ። የእኛ ጥያቄም ያው ነው፤ የጌታችን መልስ ደግሞ አልተለወጠም። ማንም ምእመን፣ ይልቁንም ማንም ካህን፣ ለእንዲህ ያለ ልጅ እናት ጌታችን ያልሰጠውን መልስ ሊሰጣት አይችልም።

ርኩስ መንፈስስ? ቤተ ክርስቲያናችን ርኩሳን መናፍስት እንዳሉና ሰውን እንደሚያሠቃዩ ታስተምራለች። ነገር ግን ሕመም ሁሉ ከእነርሱ ነው አትልም። ቅዱስ ማቴዎስ ወደ ጌታችን ያመጧቸውን ሕሙማን ሲዘረዝር አጋንንት ያደሩባቸውን ለብቻ፣ በጨረቃ የሚነሣባቸውን ለብቻ፣ ሽባዎችንም ለብቻ ጠቅሷል (ማቴ. 4፥24)። ወንጌላዊው የለየውን እኛ ልንደባልቀው አይገባም። መለየትም የመንፈሳውያን አባቶች ድርሻ ነው፤ ጎረቤት በቡና ላይ የሚፈርደው ጉዳይ አይደለም። ወደ ጠንቋይና ወደ አስማተኛ መሄድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የምታወግዘው ነው። የድኃውን ገንዘብ ይጨርሳል፤ ልጁንም ለጭስና ለሥቃይ ይዳርጋል።

ጠበልና ሕክምና

ጠበል መጠመቅ፣ እምነት መቀባትና ጸሎት ማስደረግ የክርስቲያን ወላጅ ተግባር ነው። ይህ ግን ሕክምናን አይከለክልም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር እንደሆነ ያስተምራል። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም ነበር (ቆላ. 4፥14)። በስሙ የምንቀድስበት ቅዳሴ ያለው ቅዱስ ባስልዮስም በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቂሣርያ ሕሙማን የሚታከሙበት ትልቅ ተቋም ሠርቶ ነበር።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ይታወቁ። አንደኛ፣ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት፣ በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒትን፣ ጠበል ጀመርን ብሎ በድንገት ማቋረጥ ለሞት የሚያደርስ አደጋ ሊያስከትል ይችላል። ሁለተኛ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ድንገት ሲወርድበት የሚጮኽና የሚታገል ልጅ ሁሉ መንፈሱ እየተናገረ ነው ማለት አይደለም፤ ቆዳው ከሌላው ሰው ይልቅ ቅዝቃዜን የሚሰማ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። በብርዳማው በየዳ ይህን ማሰብ ይገባል። አጥማቂውን ካህን አስረድቶ በጥቂቱ ማስረጨት ወይም ማጠጣት ይቻላል። ሦስተኛ፣ ልጅን ማሰርና መምታት በጠበል ስፍራም ሆነ በቤት ሊደረግ አይገባም። ልጁ ሳይናገር ቢያድግም የወላጆቹ ጸሎት አልተሰማም ማለት አይደለም። እግዚአብሔር ፈውስን ለሁሉ በአንድ መልክ አይሰጥም፤ ትዕግሥትም ስጦታው ነው።

በቤት ውስጥ

የዓለም የጤና ድርጅት ለእንዲህ ያሉ ልጆች አሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና በሀገራችንም በአዲስ አበባና በቡታጅራ አካባቢ ተሞክሯል። የሥልጠናው ዋና ሐሳብ ልጁ የሚማረው በየዕለቱ ከቤተሰቡ ጋር በሚያደርገው ሥራና ጨዋታ ነው የሚል ነው። ይህ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም።

ልጁን ስታናግሩት በቁመቱ ልክ ዝቅ ብላችሁ፣ ፊት ለፊት፣ በአጭር ቃል ተናገሩ። “ና”፣ “ውኃ”፣ “እንካ” ይበቃል፤ ቃሉንም በእጃችሁ አሳዩት። ውኃ ሲፈልግ ወዲያው ከመስጠት በፊት ጥቂት ጠብቁት፤ በጣቱ ቢያመለክት ወይም ዋንጫውን ቢያነሣ እንደ ንግግር ቆጥራችሁ ስጡት። እርሱ ድንጋይ ቢደረድር እናንተም አጠገቡ ተቀምጣችሁ ደርድሩ፤ ወደ እናንተ ሥራ የሚመጣው አስቀድማችሁ ወደ እርሱ ሥራ ስትሄዱ ነው።

የቀኑ ሥርዓት አይለዋወጥ። መነሣት፣ መታጠብ፣ መብላትና መጸለይ በየቀኑ በአንድ ቅደም ተከተል ቢሆን ልጁ ይረጋጋል። ሥራ ይሰጠው፤ ገብስ መልቀም፣ ለዶሮ እህል መበተን፣ እንጨት መደርደር፣ ከታላቁ ጋር በግ ማገድ። ሥራውን ከፋፍላችሁ አንድ አንድ እርምጃ አሳዩት፤ ሲሠራም አመስግኑት።

በገደላማ አገር ትልቁ ሥጋት ልጁ ከቤት ወጥቶ መጥፋቱ ነው። ብዙ ወላጆች ወደ እርሻ ሲሄዱ ልጁን የሚያስሩት ከጭካኔ የተነሣ አይደለም፤ የሚጠብቀው ሰው ስላጡ ነው። ነገር ግን መታሰር አካሉንም አእምሮውንም ይጎዳል። መድኃኒቱ ጠባቂ መብዛት ነው። ግቢውን ማጠር፣ ምድጃውን መከለል፣ ለጎረቤቶች ሁሉ ልጁን ማስተዋወቅና “ብቻውን ብታዩት መልሱልን” ማለት፣ በሰንበቴና በጽዋ ማኅበር ተራ ገብቶ ለጥቂት ሰዓት መጠበቅ ይቻላል። አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው ጣሪያ ነድለው ወደ ጌታችን እንዳደረሱት (ማር. 2፥1-12) ይህን ልጅ መሸከምም የአንዲት እናት ሥራ ብቻ ሊሆን አይገባም። አባቶችም ልጁን ለእናቱ ትተው እንዳይሸሹ።

በቤተ ክርስቲያን

ቤተ ክርስቲያን ወንድ ሕፃንን በ40 ቀኑ፣ ሴት ሕፃንን በ80 ቀኗ አጥምቃ ሥጋ ወደሙን ታቀብላለች። በዚያን ቀን ሕፃኑ አንዲት ቃል አይናገርም፤ ሃይማኖቱን የሚመሰክሩለት የክርስትና አባትና እናት ናቸው። እንግዲህ አለመናገር ያን ጊዜ ከጸጋው ካልከለከለ፣ ሰባት ወይም ዐሥር ዓመት ሲሞላው እንዴት ይከለክለዋል? ስለ ንስሐውና ስለ ቁርባኑ ከንስሐ አባት ጋር መመካከር ይገባል እንጂ ልጁን በቤት ማስቀረት መፍትሔ አይደለም። የክርስትና አባትና እናትም ኃላፊነታቸው በጥምቀቱ ቀን አያበቃም፤ ልጁን ማስቀደስና እናቱን ማሳረፍ የእነርሱም ድርሻ ነው።

ማኅሌት፣ ከበሮ፣ የሕዝብ ብዛትና የዕጣን ሽታ ለአንዳንዱ ልጅ ይከብዱታል። ስለዚህ ሕዝብ በማይበዛበት ቀን በኪዳን ጸሎት መጀመር፣ ለጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መመለስና ጊዜውን ቀስ በቀስ ማስረዘም ይጠቅማል። በቅጽሩ ጥግ ዛፍ ሥር ሆኖ ማስቀደስ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የቆየ ልማድ ነው፤ ለዚህ ልጅም ምቹ ነው። መስቀል መሳለም፣ ደጁን መሳም፣ ጠበል መጠጣት በድርጊት የሚደረግ ጸሎት ስለሆነ ለማይናገር ልጅ ይቀለዋል። መደጋገም የሚወድ ልጅ ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያንን ሊወድ ይችላል፤ ሥርዓታችን በመደጋገም የተሞላ ነውና።

ምግብ መርጦ ጥቂት ብቻ የሚበላ ልጅ ለጾም ዕድሜ ቢደርስም በግድ አይጹም፤ ይህም ከንስሐ አባት ጋር የሚወሰን ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንም ልጁን ከእኩዮቹ ጋር ያስቀምጡት፤ ሌሎቹንም እንዳይስቁበት ያስተምሯቸው። ካህኑ አንድ ጊዜ በዐውደ ምሕረት ቆሞ “ይህ ልጅ የእኛ ነው፤ ድምፅ ቢያሰማ ማንም አይቆጣው” ቢል ያቺ እናት ለዓመታት የተሸከመችው ኀፍረት ይቀልላታል። ጌታችን ሕፃናትን ይከለክሉ የነበሩትን ገሥጾ ሕፃናቱን አቅፎ ባርኳል (ማር. 10፥13-16)። ከእነርሱ መካከል ጸጥ ያሉትን ብቻ አልመረጠም።

ወደ ማን ይኬዳል?

የመጀመሪያዋ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። በየዳ ያለ ወላጅ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ደባርቅ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በሪፈር ሊሄድ ይችላል። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ከመነሣት በፊት የልጁን ሁኔታ መያዝ ይጠቅማል፤ መቼ ተራመደ፣ መቼ ቃል አወጣ፣ ያወጣው ቃል ጠፋ ወይ፣ ያንቀጠቅጠዋል ወይ፣ ሲወለድ ምጥ ረዝሞ ነበር ወይ። ማንበብ የሚችል ሰው ይጻፍላቸው። ሐኪሙ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ ነገር ግን ቶሎ የተጀመረ እገዛ ልጁ እንዲግባባና ራሱን እንዲችል በእጅጉ ይረዳዋል።

በሀገራችን ይህን በር የከፈቱት ወላጆች ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ሲያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው ጆይ የኦቲዝም ማእከልን በአዲስ አበባ ከፈቱ። ከዚያ በኋላ ነህምያ የኦቲዝም ማእከልም በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ወይዘሮ ዘሚ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ነገር ግን ልጃቸውን ሳይሸሽጉ በአደባባይ ስለ ኦቲዝም መናገራቸው ለብዙ ወላጆች ድፍረት ሰጥቷል። መጋቢት 24 ቀን የዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን ሆኖ ይታሰባል። በየአጥቢያው ያሉ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ያን ቀን አንድ ትምህርት ቢሰጡበት፣ ማእከል በሌለበት ገጠር ቅጽረ ቤተ ክርስቲያኑ የመጀመሪያው መጠጊያ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በአጥቢያችን ከቤት ያልወጣ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ በዚህ ሳምንት ቤቱን እንጠይቅ። ለመፍረድ ወይም ምክንያት ለመፈለግ አንሂድ፤ እናቱ ጥቂት እንድታርፍ፣ ልጁም በሚመጣው ሰንበት ከእኛ ጋር እንዲያስቀድስ ለመርዳት እንሂድ። የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ጸሎት ልጆቻችንንና አሳዳጊዎቻቸውን ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።